ልጁ ሲያተኩሰው

ግንባሩን ዳሰስ አድርጎ “ያተኩሰዋል” ማለት የሚናቅ ዘዴ አይደለም። ልጇን ቀን ከሌት የምታቅፍ እናት “ደህና ነው” ስትል ብዙ ጊዜ አትሳሳትም። “አተኮሰው” ስትል ግን እጇ ሊያታልላት ይችላል፤ ልብስ ሲያጥብ በቆየ እጅ የተነካ ልጅ ሁሉ ትኩስ ነው። የልጅ መዳፍና እግር ትኩሳት እየጀመረውም ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ደረቱን ወይም ሆዱን መዳሰስ ይሻላል።

ቁርጡን የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው። ዲጂታሉን ምረጡ፤ የመስታወቱ ሜርኩሪ ያለበት ስለሆነ ከተሰበረ ጣጣው ብዙ ነው። ልጁ ገላውን ታጥቦ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ከነበረ ሩብ ሰዓት ያህል ገለጥ አድርጋችሁ ቆዩ። ከዚያ የብብቱን ላብ አድርቃችሁ ጫፉን ብብቱ መሀል አስገቡ፤ ካናቴራውን ሳይሆን ቆዳውን ይንካ። ክንዱን ከደረቱ ጋር ገጥማችሁ ድምፅ እስኪያሰማ ያዙት። የሚወራጭ ከሆነ ጡት እየጠባ ለኩት። በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው።

ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ጉዳዩ ሌላ ነው። 37.5 ከደረሰ፣ የሚስቅ ቢመስልም እንኳ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ነው። ሽሮፕ ሰጥቶ “እስኪነጋ እንየው” አይባልም፤ በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ሌላ ምልክት ሳያሳይ ሊገፋ ይችላል። እንዲያውም አንዳንዱ ጨቅላ ሲታመም በማተኮስ ፈንታ ይቀዘቅዛል፤ ከ35.5 በታች ከሆነም እንደዚያው ያስቸኩላል።

ከፍ ላለው ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ ሁኔታው ይናገራል። 39 ሆኖ ከሚጫወት ልጅ ይልቅ 38 ሆኖ የሚፈዘው ያሳስበኛል። ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንገቱ ከገተረ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። ትንፋሹንም ቁጠሩ፤ ሳያለቅስ ልብሱን ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ዓመት ያልሞላው 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

“ጥርስ ሊያወጣ ነው” የሚለው ማጽናኛ ብዙ ሰው አዘናግቷል። ጥርስ ልጁን ያነጫንጨዋል፤ እውነተኛ ትኩሳት ግን አያመጣም። በዚሁ ሰበብ ግግ መቧጠጥና እንጥል ማስቆረጥ ትኩሳቱን አያበርድም፤ የደም መፍሰስና ተጨማሪ ኢንፌክሽን ነው ትርፉ። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም ከቆላ በቅርቡ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ ጤና ኬላ ውስጥ በጠብታ ደም ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል።

እስከዚያው ጋቢውንና ኮፍያውን አውልቁለት፣ ጡት ደጋግማችሁ አጥቡት። በቀዝቃዛ ውሃ መንከር፣ በአረቄ ማሸት፣ አስፕሪን መስጠት አይሆንም። ሁለት ወር ላለፈው ልጅ የፓራሲታሞል መጠን በክብደቱ ይሰላል፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ። የሽሮፖቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ፤ በሾርባ ማንኪያ አትገምቱ። የለካችሁበትንና መድኃኒት የሰጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ ጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።