ጫት፣ ዱካክና የጅግጅጋ ሌሊት

እንቅልፍን የሚገዙት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው ድካም ነው። ሰው ሳይተኛ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎሉ ይጠራቀማል፤ ሲበዛም ዓይን ይከብዳል። ሁለተኛው በአንጎል ሥር የሚገኘው የሰውነት ሰዓት ነው። ቀን በብርሃን እየተስተካከለ ንቃትን ይደግፋል፤ ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል። የዙሪኩ ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለቱን በአንድ ንድፍ ካጣመራቸው ወዲህ የእንቅልፍ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ጅግጅጋ በሁለተኛው በኩል የታደለች ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከፍታዋ 1,600 ሜትር ያህል በመሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰውነት ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደው ሙቀቱን እየቀነሰ ነው። ይህ የቅዝቃዜ ዕድል በሲቲ ዞን ቆላ፣ በሽንሌና በደወሌ ለሚኖረው ሰው የለም። በዚህ ላይ የሱብሂ ሶላት ብዙውን ነዋሪ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ያስነሳል። የእንቅልፍ ሐኪሞችም እንቅልፍ ላጣ ታካሚ አስቀድመው የሚያዙት የመነሻ ሰዓቱን እንዳይቀያይር ነው። ከቀትር በኋላ የሚወሰደው አጭር የቀይሉላ እረፍትም በዚያ ሰዓት የሰውነት ንቃት በራሱ ዝቅ ስለሚል ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል። እንግዲህ የመነሻው ሰዓት የተተከለ ነው፤ የሚንሸራተተው የመኝታው ሰዓት ነው። የስልክ መስታወትና የማታ ሻይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ በሥራው የሚበረታው ግን ጫት ነው።

ጫቱ በብዛት ከምሥራቅ ሐረርጌው የአወዳይ ገበያ ተጭኖ፣ ሐረርን አልፎ፣ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ጅግጅጋ ይገባል፤ ከዚያም የተወሰነው በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሶማሊላንድ ይዘልቃል። መኪኖቹ የሚከንፉበት ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከቅጠሉ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ የደረቀ ጫት ዋጋ የሚያጣውም ለዚህ ነው። የካቲኖን አሠራር ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቁ ያደርጋል። አብሮት የሚጠጣው ሻይ ካፌይን ስላለው አዴኖሲን ድካሙን እንዳያሳውቅ ይጋርደዋል፤ ግማሹ ካፌይን ከደም እስኪወጣም አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት የሚዘልቅ በርጫ (የመቃሚያ ስብሰባ) ቢበተንም ምርቃናው (የጫቱ ንቃት) ወደ መኝታ ይከተላል። ድካሙ አለ፤ የሚሰማው የለም።

የጤናማ ሰው ሌሊት 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጁ ዙሮች የተከፋፈለ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይበዛል። ዓይን ከቆብ ሥር የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚደምቅበት ሬም የተባለው ክፍል ወደ ንጋት ይረዝማል። አምሽቶ ተኝቶ ለሱብሂ የሚነሳ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያጣው ይህን ነው። ጫትን የመሰሉ አነቃቂዎች ደግሞ ሬምን በቀጥታ ይጫኑታል።

የታፈነ ሬም ግን ይመለሳል። የእንቅልፍ ተመራማሪው ኢያን ኦስዋልድና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት አምፌታሚን የለመደ ሰው ሲያቆም የሬም እንቅልፉ ከወትሮው በላይ ያብጣል። ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት አስፈሪ ሕልም፣ ጫት ባልተቃመበት ሌሊት የሚመጣው የመውደቅ፣ የመታነቅና የመሳደድ ቅዠት፣ በዚህ መንገድ በሚገባ ይገለጻል። በሬም ጊዜ የሰውነት ጡንቻዎች ስለሚላሉ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውየው መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለም ይመስለዋል። ይህን ማወቅ ትልቅ ዋጋ አለው። ለማቆም የሞከሩ ብዙዎች ወደ ጫት የሚመለሱት ምርቃናውን ናፍቀው ብቻ ሳይሆን ዱካክን ፈርተው ነው። ዱካክ ግን አንጎል የተነጠቀውን እንቅልፍ እያካካሰ መሆኑን ያሳያል፤ ሰውየው ከታገሠም እየቀለለ ይሄዳል።

የእንቅልፍ እጦት ሰውነትን የሚጎዳው በብዙ በኩል ነው። በጤናማ ሰው የደም ግፊት ሌሊት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ጫት በራሱ ግፊት ይጨምራል፣ የእንቅልፍ ማጠር ደግሞ ይህን የሌሊት እረፍት ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ጤናማ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ በግልጽ ቀነሰ። ለፈተና ሲል ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይከስራል፤ የተጠናው ትምህርት በአንጎል የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

አደጋው ወዲያው የሚታየው በመንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎቹ ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ እንዳረጋገጡት ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሶላት የተነሳ ሾፌር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መሪ ከያዘ እዚያ ደርሷል። ጫት ዓይኑን ገልጦ ያቆይለት እንደሆነ እንጂ የደከመውን ፍርዱን አያድስለትም። ይባስ ብሎ ሰው የራሱን ድካም መመዘን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ንቃታቸው በእጅጉ ሲያሽቆለቁል፣ ራሳቸው ግን ትንሽ ብቻ እንደደከማቸው ይናገሩ ነበር።

የጠፋውን እንቅልፍ ለመመለስ የባህርይ ሕክምና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። ታካሚው አልጋውን ለመኝታ ብቻ ይጠቀምበታል፤ እንቅልፍ እምቢ ካለው ተነስቶ ሲያንቀላፋ ይመለሳል። በአልጋ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በእርግጥ ከሚተኛው ጋር እስኪቀራረብ ይቀነስና ቀስ በቀስ ይረዝማል። ለቃሚ ደግሞ በርጫውን ወደ ቀትር ማቅረብ፣ መጠኑን በየሳምንቱ መቀነስ፣ የማታውን ሻይ መተው ይጨመራል። ለረጅም ርቀት ሾፌርና ለከባድ ማሽን ሠራተኛ ግን የአልጋ ጊዜን ማሳጠሩ መጀመሪያ ላይ ቀን ስለሚያስተኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ችግሩ የአየር መንገድ መዘጋት ስለሆነ ሌላ ምርመራና ሌላ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ቅዠት ሁሉም ከጫት አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች በሚኖሩበት በቀብሪበያህ፣ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት በቆሎጂም ከጦርነትና ከስደት የተረፈ ሰው ያየውን በሕልሙ መልሶ ያያል፤ መተኛትንም ይፈራል። ለዚህ የተፈተነ ዘዴ አለ። ታካሚው ቅዠቱን በቀን ብርሃን ይተርከዋል፣ መጨረሻውን እንደፈቀደ ይለውጠዋል፣ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በሐሳቡ ይደግመዋል። ለዚህ ውድ መሣሪያም ሆነ ኪኒን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሶማሊኛ የሚያዳምጥ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው።