«ዘ» እና «ዚስ» አንድ አይደሉም፦ አምስት ተረቶችና እውነታቸው

በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል፣ ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ወዲያ «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ዚስ» እና «ዛት» የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በትክክል ለመረዳት ያስፈልጋሉ። ስለ እነዚህ ቃላት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉት አጫጭር ሕጎች ግን ተማሪውን ብዙ ጊዜ ያሳስቱታል።

ተረት 1፦ አማርኛ እንደ «ዘ» ያለ አርቲክል ስለሌለው ለእኛ ይከብደናል።

እውነታው፦ አለው፤ ግን ከስሙ መጨረሻ ይጣበቃል። «በግ ገዛሁ፤ በጉ ግን ታመመ» ስንል ባዶው «በግ» በእንግሊዝኛ «ኤ ሺፕ»፣ «በጉ» ደግሞ «ዘ ሺፕ» ነው። ሴት ከሆነች «በጓ» ወይም «በጊቱ» እንላለን።

ተረት 2፦ «ዘ» እና «ዛት» ቢለዋወጡ ለውጥ የለውም።

እውነታው፦ በዘር ይገናኛሉ፤ «ዘ» የተገኘው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ አመልካች ቃል ነው። ዛሬ ግን ሥራቸው ተለያይቷል። «ዘ» የሚገባው ሰሚው የቱ እንደሆነ ሲያውቅ ነው። «ዚስ» እና «ዛት» ግን ቅርቡን ከሩቁ፣ አንዱን ከሌላው ይለያሉ። አንድ በር ባለው ክፍል «በሩን ዝጋ» ይባላል፤ እንግሊዝኛውም «ዘ ዶር» ነው። «ያን በር ዝጋ» ከተባለ ሰሚው ሌላ በር እንዳለ ያስባል። ገበያ ውስጥ ከብዙ በጎች አንዱን ለመምረጥ ግን «ዚስ ሺፕ» ወይም «ዛት ሺፕ» እንላለን።

ተረት 3፦ መጀመሪያ ሲጠራ «ኤ»፣ ሲደገም «ዘ»።

እውነታው፦ ግማሹ ብቻ ልክ ነው። «ቤት ገዛሁ፤ ጣሪያው ያፈሳል» ስንል ጣሪያው ቀድሞ አልተጠራም፤ ቤት ጣሪያ እንዳለው ግን ሰሚው ያውቃል። ስለዚህ እንግሊዝኛውም ገና በመጀመሪያው «ዘ ሩፍ» ይላል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትም አለ። እኛ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ፀሐይ አንዲት ናትና «ዘ ሰን» ይላል።

ተረት 4፦ ታዋቂ ቦታ ሁሉ «ዘ» ይገባዋል።

እውነታው፦ ዝና መለኪያ አይደለም። በስሙ የሚጠራ ነጠላ ተራራና ሐይቅ «ዘ» አይወስድም፦ «ማውንት ጉና»፣ «ሌክ ጣና»። ወንዝና የተራራ ሰንሰለት ይወስዳሉ፦ «ዘ ዓባይ»፣ «ዘ ሰሜን ማውንቴንስ»። እንደ እስቴ፣ ስማዳ እና ጋይንት ያሉ የአካባቢ ስሞች ደግሞ ያለ «ዘ» ይጻፋሉ።

ተረት 5፦ «ዚስ» በጣት ለሚጠቆም ነገር ብቻ ነው።

እውነታው፦ ሙሉ ሐሳብንም ያመለክታል። «ዝናቡ ዘገየ። ይህ ገበሬውን አስጨነቀው» ስንል «ይህ» የዝናቡን መዘግየት ይወክላል፤ በእንግሊዝኛም ቦታው የ«ዚስ» ነው። «ዘ» ይህን ሊሠራ አይችልም፤ ስም ካልተከተለው ብቻውን አይቆምም።

ስትጽፉ እንግዲህ ይህን ጠይቁ፦ አንባቢው የቱን እንደምል ያውቃል? ካላወቀና ነገሩ አንድ ተብሎ የሚቆጠር ከሆነ «ኤ»፤ ካወቀ «ዘ»፤ ከሌላው መለየት ካስፈለገ «ዚስ» ወይም «ዛት»። መምህራንም ትምህርቱን ከ«በግ» እና ከ«በጉ» ቢጀምሩት ይበጃል፤ ልጆቹ ልዩነቱን ትምህርት ቤት ሳይገቡ በራሳቸው ቋንቋ ለምደውታልና።