የሳሳ አጥንትና የወፈረ ደም

በአገራችን ዝምድናን ለመግለጽ ሲፈለግ ከደምና ከአጥንት የሚቀድም ቃል የለም። እናት ልጇን ስታቆላምጥ «የአጥንቴ ፍላጭ» ትለዋለች፤ ሽማግሌም የሰውን ዘር ሲጠይቅ «አጥንቱ ከወዴት ነው?» ይላል። ይሁን እንጂ በአፋችን ይህን ያህል የምናከብራቸው ደምና አጥንት ሳይታመሙ በፊት ስለ ጤንነታቸው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ሁለቱ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነውና። ስለዚህ አንደኛው ታሞ ሳለ ለሌላው የሚሰጠው መድኃኒት በጥንቃቄ መመዘን ይኖርበታል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለዚሁ ሚዛን ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት እናት እናስብ። ስም አንሰጣቸውም፤ በጎንደር ከተማ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወይም በዩኒቨርሲቲው የሚማር ወጣት ሁሉ በእርሳቸው ቦታ የራሱን እናት ሊተካ ይችላል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ሆኗል፤ የሚኖሩትም ከደባርቅ ወዲያ ባለው ደጋ ነው። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ፊታቸው ይቀላል፤ ገላቸውን በታጠቡ ቁጥር ያሳክካቸዋል። በክረምት ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ጭቃው አዳለጣቸውና በእጃቸው ተደግፈው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ወጌሻም አሰረላቸው። ጥቂት ቆይቶ ወገባቸው እየጎበጠ ስለ ሄደ ልጃቸው ወደ ጎንደር አምጥቶ ቢያስመረምራቸው ሁለት ነገር ተገኘ፤ አጥንታቸው ሳስቷል፤ ደማቸውም ከልክ በላይ ወፍሯል። እናትም ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ከሁለቱ የቱን ነው የምፈራው?» ቢሉት ምን ብሎ ይመልስላቸዋል?

የደጋ ሰው ደም

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ፣ የደሙ መወፈር ከሕመም የመጣ ነው ወይስ ከአገሩ ከፍታ? የሚለው ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሰውነታቸው ይህን ጉድለት የሚያካክሰው ብዙ ቀይ የደም ሴል በመሥራት ነው፤ ስለዚህም ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በደማቸው ውስጥ ከፍ ይላል።

የእኛ ደገኞችስ እንዴት ናቸው? ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ሊቅ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች፣ በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በአምባራስ፣ 236 ነዋሪዎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳትመዋል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹም 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የሚለይ አይደለም። የደማቸውም የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ ከመቶ 95.3 ነበር። የሰሜን ደገኛ በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ እየኖረ ደሙን ሳያወፍር መኖርን የቻለ ሰው መሆኑን ዓለም ያወቀው በዚህ ጥናት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሐኪሙም ለልጁም ይጠቅማል። የእናታችን ሄሞግሎቢን 18 ግራም ቢሆን «አገራቸው ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመዘኛ ሐኪም መጠርጠር የሚጀምረው በወንድ ከ16.5፣ በሴት ከ16.0 ግራም በላይ ሲሆን ነው። እርግጥ ነው፤ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ሕመምና ትንባሆም ደምን ያወፍራሉ፤ እነዚህ መመርመር አለባቸው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋናው ጥርጣሬ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የተባለው ሕመም ነው። በዚህ ሕመም መቅኔው ማንም ሳያዘው ቀይ ደም ያመርታል። ጃክ 2 በተባለው ዘር ላይ የሚደርሰው ለውጥ በ2005 የታወቀ ሲሆን፣ ከመቶ ሕመምተኞች በ95ቱ ገደማ ይገኛል።

ሕመሙ ዝግ ያለ ነው። በሚገባ የታከመ ሰው ብዙ ዓመት ሊኖርበት ይችላል። ትልቁ አደጋ የደም መርጋት ነው፤ ደሙ በእግር፣ በልብ ወይም በአንጎል ሥር ውስጥ ረግቶ ሰውን በአንድ ቀን ሊጥል ይችላል። ይህን አደጋ ልብ እንበል፤ ወደ አጥንቱ መድኃኒት ስንመጣ ሚዛኑን የሚያዘነብለው እርሱ ነውና።

ዋግምትና የሐኪም መርፌ

የዚህ ሕመም ዋና ሕክምና ደም ማውጣት ነው ቢባል ሽማግሌዎቻችን ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። «እኛማ በዋግምት ስናደርገው የኖርነው አይደለም?» ይሉን ይሆናል። በአሳቡ መቀራረብ አለ፤ በአሠራሩ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። ዋግምት የሚያወጣው ደም ልክ አይታወቅም፤ ምላጩና ቀንዱ ካልጸዱም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ሐኪሙ ግን የሚያወጣውን ደም በሚሊ ሊትር ለክቶ፣ ሄማቶክሪት የሚባለው የደሙ ውፍረት ልኬታ ከመቶ 45 በታች እንዲወርድ ያደርጋል። ይህን ወሰን የጠበቁ ሕመምተኞች የደም መርጋት አደጋ እንደሚያንስላቸው በኢጣልያ ተጠንቶ በ2013 ታትሟል። ከዚህም ጋር ሐኪሙ የሚከለክል ምክንያት ካላገኘ በየቀኑ ጥቂት አስፒሪን ያዝዛል፤ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ላለፈም ብዙ ጊዜ እንደ ሃይድሮክሲዩሪያ ያለ ሴሎችን የሚቀንስ መድኃኒት ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ደም ሲወጣ ብረትም አብሮ ይወጣል፤ ሰውየውም ይደክመዋል። ዘመድ አዝኖለት ከመድኃኒት ቤት የብረት ኪኒን ቢገዛለት ግን መቅኔው ያንን ብረት ይዞ እንደገና ደም ማብዛት ይጀምራል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብረት አይሰጥም።

አጥንት ለምን ይሳሳል?

አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚፈርስና የሚታነጽ ሕያው ቤት ነው። በወጣትነት አናጺዎቹ ከአፍራሾቹ ይበረታሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ ይልቁንም ሴት የወር አበባዋ ሲቋረጥ፣ አፍራሾቹ ያይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በልዩ ራጅ የተለካው የአጥንት ጥግግት ከጤነኛ ወጣት ልክ በ2.5 ነጥብና ከዚያ በላይ ዝቅ ሲል የአጥንት መሳሳት ይባላል። ልዩው ራጅ በማይገኝበት ቦታ፣ ከቁመት በማይበልጥ አወዳደቅ የመጣ ስብራት ራሱ በቂ ምስክር ሊሆን ይችላል። በዴንማርክ ተጠንቶ በ2013 የታተመ ሥራ እንዳመለከተውም፣ እንደ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ያለ የመቅኔ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የጭን አጥንታቸው የመሰበር አደጋ ከሌላው ሰው ይበልጣል።

ፀሐይ በሞላበት አገር ስንኖር ለአጥንት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ዲ አይጎድለንም ብለን እናስብ ይሆናል። ነገር ግን በ1999 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የተመረመሩት ሰዎች በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ከኖርዌይ ሰዎች ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል። ፀሐይዋ ብትኖርም ብርሃኗ ገላን ካላገኘ ዋጋ የለውም፤ በጋቢና በነጠላ ተሸፍኖ፣ ቀኑን በቤት ውስጥ ለሚውል ሰው ደግሞ አታገኘውም።

ወገብ የተሰበረበት ሰው ሁሉ አጥንቱ ብቻ ሳስቶ ነው ማለት ግን አይቻልም። የደም ማነስ ከአጥንት ሕመም ጋር አብሮ ከተገኘ፣ ማልቲፕል ማየሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰር እንዳይሆን መመርመር ይገባል። የጀርባ አጥንት ቲቢም በአገራችን የሚረሳ አይደለም።

መድኃኒቶቹ በሚዛን ላይ

እንግዲህ ወደ እናታችን እንመለስ። ለአጥንታቸው የሚቀርቡላቸው መድኃኒቶች ብዙ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የሚወገዱት የሴት ሆርሞን የሆነው ኤስትሮጅንና ራሎክሲፊን ናቸው። ሁለቱም አጥንትን ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራሉ። ደሙ ሊረጋ በተዘጋጀ ሰው ላይ እነርሱን መጨመር በእሳት ላይ ጭድ መጣል ነው። ሮሞሶዙማብ የተባለው አዲሱ መርፌም የልብና የአንጎል ሥር አደጋን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ስላለበት ለእርሳቸው የሚመች አይደለም።

ሁለተኛው አሌንድሮኔት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ 70 ሚሊ ግራም ኪኒን። አፍራሾቹን የአጥንት ሴሎች ይገታል፤ ደምን አያረጋም። አወሳሰዱ ግን ሥርዓት አለው። ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ፣ ሳይበሉ፣ ቡናም ሳይጠጡ መቆየት ያስፈልጋል። አለዚያ የጉሮሮን ቧንቧ ያቆስላል። አስፒሪን በየቀኑ ለሚወስድና ጨጓራው ለሚታመም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኩላሊት ከደከመም አይሰጥም።

ሦስተኛው ዞሌድሮኒክ አሲድ ነው። ይህ የኪኒኑ ዘመድ ሲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ግራም በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። ጨጓራን አይነካም፤ ከሩቅ ደጋ ለሚመጣ ሰውም በዓመት አንድ መንገድ ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳትና ቁርጥማት ሊያስከትል ይችላል። አስቀድሞ ኩላሊት መመርመር፣ የቫይታሚን ዲና የካልሲየም ጉድለትም መሞላት አለበት። ይህና ኪኒኑ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንትን ስለሚጎዱ የሚነቀል ጥርስ ካለ አስቀድሞ ቢነቀል ይሻላል።

አራተኛው ዴኖሱማብ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው። ኩላሊቱ ለደከመም ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን የደሙ ካልሲየም እንዳይወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብርቱ ጉድለቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ወይም በድንገት ከተቋረጠ አጥንቱ በፍጥነት ተመልሶ ይሳሳል፤ የጀርባ አጥንትም በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ሊሰበር ይችላል። መርፌው በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። ክረምት ሲበረታ ወይም መንገድ ሲዘጋ ከደባርቅ ወዲያ ላለ ሰው ቀን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የአገሩ ልጅ ያውቀዋል።

አምስተኛው ቴሪፓራታይድ አናጺዎቹን የሚያበረታ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ይወጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ዋጋው ከባድ ነው፤ የመቅኔ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የደም ሐኪሙ ሳይመክርበት አይጀመርም።

በእኛ አስተያየት፣ ኩላሊታቸውና ጥርሳቸው ደኅና ከሆነ፣ እንደ እኒህ እናት ላለ ሰው ሚዛኑ ወደ ዓመታዊው ጠብታ ያዘነብላል፤ ጨጓራቸው ደኅና ከሆነና ኪኒኑን በሥርዓት የሚሰጥ ሰው ካለም ሳምንታዊው ኪኒን ርካሽና የታመነ ነው። ይህ ግን አስተያየት እንጂ የመድኃኒት ማዘዣ አይደለም። ማዘዣው የሐኪሙ ነው፤ ምርጫውም የእናትየዋ ነው። ሐኪሙ «እማማ፣ እርስዎስ የትኛው ይቀልልዎታል?» ብሎ ሳይጠይቃቸው በልጅና በሐኪም መካከል ብቻ የሚያልቅ ምክር ጎደሎ ምክር ነው። በየስድስት ወሩ ልጃቸውን ከሥራ የሚያስቀር መርፌ፣ «ሸክም ሆንሁበት» ብለው በዝምታ ሊያቋርጡት ይችላሉና።

ከመድኃኒቱ ጎን

መድኃኒት ብቻውን አጥንት አያድንም። ጤፍ ከብዙ እህሎች የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ወተት፣ እርጎና ጎመንም ይረዳሉ። ገላን ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ማሳየት፣ ሳይታክቱ መራመድ፣ በቤት ውስጥ የሚያደናቅፈውን ማንሣት፣ ሌሊት ለሚነሡበት መብራት ማኖር፣ እንስራውንና የማገዶውን ሸክም ከእናት ጀርባ ማውረድ፣ እነዚህ ሁሉ ሕክምና ናቸው። የካልሲየም ኪኒን ከአሌንድሮኔት ጋር በአንድ ሰዓት እንደማይዋጥም አይረሳ።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አገር አይደለችም። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠሩ ልኳል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዚያው ኮሌጅ ፍሬ ነው። ያን ጊዜ ጠላት የነበረው በወራት ውስጥ የሚገድለው ወባ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ለብዙ ዓመት አብሮ የሚኖር ሕመም ተጨምሯል። እንዲህ ያለው ሕመም የሚጠይቀው ትዕግሥትንና መዝገብ መያዝን ነው።

ስለዚህ ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ደጋው ላይ ካሉ አንድ ደብተር ግዛ። የደማቸውን ልክ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የወደቁበትንም ቀን ጻፍበት። የአጥንቱን ሐኪም ስለ ደማቸው፣ የደሙንም ሐኪም ስለ አጥንታቸው ሳትነግር አትመለስ። «የቱን ነው የምፈራው?» ብለው ሲጠይቁህም፣ «እናቴ፣ የሚያስፈራው አንዱን ይዞ ሌላውን መርሳት ነው፤ እኛ ግን ሁለቱንም ጽፈን ይዘናል» ብለህ ለመመለስ ትችላለህ።