ፍሎሪን በኤምአርአይ ምስል፦ ብዛቱ ብቻውን ለምን አይበቃም?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ፍሎሪን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርስ መበለዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ይኸው ንጥረ ነገር በሌላ መልኩ ሲዘጋጅ በሰውነት ውስጥ የተደበቀን በሽታ ለማየት ሊያገለግል ይችላል። በዚህ እትም እንዴት እንደሚሠራና ተመራማሪዎችን ምን እንደፈተናቸው እንመለከታለን።

የተለመደው ኤምአርአይ የሚያየው የሃይድሮጅንን ኒውክለስ ነው። አብዛኛው ሰውነታችን ውኃ ስለሆነ ሃይድሮጅን የሌለበት ቦታ የለም። ስለዚህ ዕጢው ከጤነኛው ሥጋ ተለይቶ እንዲታይ አንዳንድ ጊዜ ኮንትራስት በደም ሥር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሕክምና ላይ ያለው በጋዶሊኒየም የተሠራው ነው። ጋዶሊኒየም ራሱ አይታይም፤ በአጠገቡ ያለውን የውኃ ሲግናል ይለውጣል እንጂ። ብዙ ሕሙማንን ጠቅሟል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 ኩላሊታቸው ክፉኛ በተዳከመ ሰዎች ላይ ቆዳን ከሚያደድር ከባድ በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው ታወቀ። የአዳዲሶቹ ዓይነቶች አደጋ በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ ለእነዚህ ሕሙማን ሌላ አማራጭ መፈለጉ አልቀረም።

ፍሎሪን የሚለየው ራሱ ስለሚታይ ነው። ከላሊበላ ከተማ በላይ ባለው ተራራ፣ አሸተን ማርያም ካለችበት ከፍታ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ በቀን መንደሩን ሁሉ ያያል፤ አንዲት የበራች ኩራዝን ግን አይለይም። ሲጨልም ያቺው ኩራዝ ከሩቅ ትታያለች። የሃይድሮጅን ምስል እንደ ቀኑ፣ የፍሎሪን ምስል እንደ ሌሊቱ ነው። በሰውነታችን ያለው ፍሎሪን በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ደርቆ የታሰረ ነው፤ ሲግናሉ ወዲያው ስለሚጠፋ በተለመደው አነሳስ አይታይም። ስለዚህ በምስሉ ላይ የበራው ሁሉ ከውጭ የገባው ነው። የፍሎሪን ድግግሞሽ ከሃይድሮጅን 94 በመቶ ያህል በመሆኑም ያንኑ ማግኔት መጠቀም ይቻላል፤ መቀበያውን ለእርሱ ማስተካከል ግን ያስፈልጋል።

ችግሩ የኩራዟ ብርሃን ማነስ ነው። የሚታይ ምስል ለማግኘት ብዙ የፍሎሪን አተሞችን አንድ ላይ መሸከም ያስፈልጋል፤ ለዚህ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊመር ይመቻል። ነገር ግን ፍሎሪን የበዛበት ሰንሰለት ውኃ ይጠላል። የማይጣበቅ መጥበሻን የሚሸፍነው ቴፍሎን ምሳሌ ነው። በደም ውስጥ ሲገባ እርስ በርሱ ይቋጠራል፤ ሲቋጠር እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴው ሲቀንስ እንደ አጥንቱ ፍሎሪን ሲግናሉ ይጠፋል። ስለዚህ ፍሎሪን በመጨመር ብቻ ምስሉ አይጠራም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ያሉ ተመራማሪዎች መፍትሔ ያደረጉት ፍሎሪን ያለባቸውን ክፍሎች ውኃ ከሚወዱ ክፍሎች ጋር እያፈራረቁ መቀጠልን ነው። እንዲህ ሲሆን ፍሎሪኑ ውኃ ውስጥ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ፣ የአንጀት ካንሰር ላለባቸው ሕሙማን የተሰጡ የመከላከያ ሴሎች በፍሎሪን ውህድ ምልክት ተደርጎባቸው በኤምአርአይ መታየታቸው ታትሟል። በውኃ ውስጥ የሚሟሙት አዳዲሶቹ ፖሊመሮች ግን በአብዛኛው ገና በላቦራቶሪና በእንስሳት ሙከራ ላይ ናቸው።

የቀረው ትልቅ ጥያቄ ከሰውነት መውጣታቸው ነው። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር በጣም ጠንካራ ስለሆነ እንደ ጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ በቀላሉ አይለቅም፤ በዚያው ልክ በቀላሉ አይፈርስም። ትንሹ ሞለኪውል በኩላሊት ቶሎ ይወጣል፤ ትልቁ በደም ውስጥ ይቆያል፣ በጉበትና በጣፊያም ሊከማች ይችላል። ጉዳትን ማስወገድ በሸሪዓችን መሠረታዊ መርህ ነውና፣ ጥሩ ምስል መስጠቱ ብቻ ሳይሆን በሰላም መውጣቱም አብሮ መመዘን አለበት።

ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች መድበውታል። የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲና የራዲዮሎጂ ተማሪዎቻችን ይህን መስክ ለመመረቂያ ጥናታቸው እንዲያስቡበት እንጋብዛለን። ሌሎቻችንም ዛሬ የምንሠራው አለ፦ ዘመዳችን ኮንትራስት ሲታዘዝለት የኩላሊት ችግር ካለበት አስቀድሞ ለሐኪሙ እንዲናገር እናስታውሰው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን፤ ሕሙማኖቻችንንም ያሽርልን። አሚን።