ስለ ሽቦ አልባ ማይክሮፎንና ስለ መቅረጸ ድምፅ ስያሜ

የፊልም ድምፅ መሣሪያዎችን መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ አስቀድሞ የሚሰናከልበት ቃል «ማይክሮፎን» ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህን ዕቃ «ድምፅ ማጉያ» እንለዋለን፤ በአደባባይ ስብሰባ ላይ ከምሰሶ የሚሰቀለውንም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በአዳራሽ ሁለቱ አብረው ስለሚሠሩ የስሙ መደራረብ እምብዛም አያስቸግርም። በፊልም ሥራ ግን ማይክሮፎኑ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል እንጂ ለተሰብሳቢ አያጎላም። ስለዚህ «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ትርጉም አንባቢውን ወደ ሌላ ዕቃ ይመራዋል።

እዚህ የምንመለከተው በውስጡ መቅረጸ ድምፅ የያዘውን ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ነው። አሠራሩ የሚከተለው ነው። ትንሽ ማይክሮፎን በተዋናዩ ልብስ ሥር ይደበቃል፤ በቀጭን ሽቦም በወገቡ ከታሰረው አስተላላፊ ጋር ይያያዛል። አስተላላፊው ድምፁን በሬድዮ ሞገድ ይልካል፤ በድምፅ ባለሙያው ዘንድ ያለው ተቀባይ ይቀበለዋል። ከሰበታ አልፎ በበቾ ሜዳ ላይ በምትገኘው በተጂ አንድ ትዕይንት ይቀረጻል እንበል። ተዋናዩ ማሳውን አቋርጦ ሲርቅ፣ ወይም ሲዞር የገዛ ሰውነቱ ሞገዱን ሲጋርደው፣ የሚተላለፈው ድምፅ ሊቆራረጥ ይችላል። በአስተላላፊው ውስጥ ያለው መቅረጸ ድምፅ ግን ያንኑ ንግግር በሚሞሪ ካርድ ላይ ያኖረዋል። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት የጊዜ ቁጥር ከያዙ፣ በኋላ የጎደለው በሞላው ይተካል።

1. «ሽቦ አልባ»

ይህ ሐሳብ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ቀደምቶቻችን የሬድዮ ቴሌግራፍን «የነፋስ ስልክ» ብለውት ነበር፤ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። «ስልክ» ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን የመነሻ ፍቺው ሽቦ ነው። ዐረብኛው ራሱ ይህንኑ ነገር «ላሲልኪ»፣ ማለትም «ሽቦ የሌለው» ሲለው፣ የእኛ ሰዎች ሽቦውን ከማስቀረት ይልቅ ከነፋስ ሠሩት። ስያሜው ውብ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ «ስልክ» መነጋገሪያውን ብቻ ስለሚያመለክት መልሶ ማንሣቱ ግራ ያጋባል። «ገመድ አልባ» የተለመደ ቢሆንም ገመድ ለመጫኛም ለማሠሪያም የሚነገር ስለ ሆነ «ሽቦ አልባ» ይሻላል። አልባነቱ የሚመለከተው በአስተላላፊውና በተቀባዩ መካከል ያለውን ግንኙነት እንጂ ከማይክሮፎኑ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ አለመሆኑን ፍቺው መግለጽ አለበት።

2. «መቅረጸ ድምፅ»

«ቀረጸ» በግዕዝ ድንጋይን ወይም እንጨትን ፈልፍሎ ቅርጽ መስጠት ነው፤ ወደ ድምፅ የተሻገረው በምሳሌነት ነው። ከዚህ ግሥ የባለቤት ስም አውጥቶ «ድምፅ ቀራጭ» ማለት አይመከርም። በአማርኛ ጆሮ «ቀራጭ» ከ«ቀረጠ» የወጣው የቀረጥ ሰብሳቢ ስም ነው፤ «ቀራጺ» ደግሞ ለሐውልት ሠሪ ተይዟል። የመሣሪያ ስም የሆነው «መቅረጸ ድምፅ» ከሁለቱም ያድናል። እስቴፋን ኩዴልስኪ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስመ ጥሩ የመቅረጸ ድምፅ መሣሪያ «ናግራ» የተባለውም ከግሥ ተነሥቶ ነው፤ በፖላንድኛ «ይቀርጻል» ማለት ሲሆን ከእኛ «ነገረ» ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

3. «ቀርጾ» እና «እየቀረጸ»

ከስያሜው ይልቅ ከባድ ጉዳት የሚያስከትለው የግሡ አገባብ ነው። «ቀርጾ ያስተላልፋል» ብንል መጀመሪያ መቅረጹን፣ ቀጥሎ ማስተላለፉን እናመለክታለን። «እየቀረጸ ያስተላልፋል» ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መፈጸሙን ይናገራል። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዛክስኮም የተባለው ኩባንያ ሁለቱን ሥራዎች በአንድነት በሚፈጽም መሣሪያ ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ስለነበር፣ ሌክትሮሶኒክስ የተባለው አምራች በዚያ አገር ለዓመታት ያቀረባቸው አንዳንድ አስተላላፊዎች ወይ ይቀርጻሉ፣ ወይ ያስተላልፋሉ እንጂ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይሠሩም ነበር። የእነዚህን መመሪያ «እየቀረጸ» ብሎ የተረጎመ ሰው ባለሙያውን በሌለ ቅጂ ላይ ያስተማምነዋል፤ ሬድዮው ሲቆራረጥ የተዋናዩ ንግግር ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል። ስለዚህ ተርጓሚው ግሡን ከመምረጡ በፊት የዚያን መሣሪያ አሠራር ማረጋገጥ ይገባዋል።

4. የቀረቡ ስያሜዎች

ማይክሮፎን፦ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ። ቃሉ እንዳለ ይወሰድ።
ድምፅ ማጉያ፦ ድምፅን አጉልቶ ለሚያሰማው ዕቃ ብቻ።
አስተላላፊ፦ ምልክቱን በሬድዮ ሞገድ የሚልክ።
ተቀባይ፦ የተላከውን ሞገድ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ምልክት የሚመልስ፤ ለማይክሮፎን አይነገርም።
የጊዜ ቁጥር፦ ድምፅንና ምስልን ለማገጣጠም በቅጂው ላይ የሚመዘገብ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድና የምስል ተራ።
መቅረጸ ድምፅ ያለው ሽቦ አልባ ማይክሮፎን፦ የመሣሪያው ሙሉ ስም።

የመጨረሻው ስም ረዘም ያለ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የያዛቸውን ሥራዎች ስለሚገልጥ፣ ፊልም ሠሪዎች በልማድ አጭር ስም እስኪያወጡለት ድረስ በመመሪያና በመዝገበ ቃላት ቢሠራበት ይበጃል።