አንድ እንክብል፣ ሁለት ልጆች

ሁለት የ10 ዓመት ልጆችን እናስብ። ክብደታቸው እኩል ነው፤ የታዘዘላቸውም መድኃኒት አንድ ዓይነት፣ አቶሞክሰቲን። ሁለቱም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርሳቸውን በልተው እንክብላቸውን ዋጡ። የአንደኛው ልጅ ሰውነት የመድኃኒቱን እኩሌታ አጣርቶ የሚጨርሰው 6 ሰዓት ገደማ፣ ለምሳ ሲደወል ነው። የሁለተኛው ግን ቀኑ መሽቶ፣ ሌሊቱ አልፎ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ እንክብል ይደረብበታል።

አቶሞክሰቲን ኤዲኤችዲ ላለባቸው፣ ማለትም ትኩረታቸውን መሰብሰብ ለሚቸግራቸውና ከእኩዮቻቸው በላይ ለሚቅበጠበጡ ልጆች ይታዘዛል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰፈር «አሳዳጊ የበደለው» ይለዋል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ችግሩ በአመዛኙ ከዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። ልጁ ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽም እንዲሁ ከዘረመል ጋር የተሳሰረ ነው።

አቶሞክሰቲንን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረመል ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ እንወርሳለን። ሁለቱም ቅጂዎች የማይሠሩ ከሆነ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ክምችቱ ከሌላው ልጅ ወደ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የምግብ ፍላጎት መጥፋትና የልብ ምት መጨመርም ሊበረቱ ይችላሉ። ከአውሮፓውያን መካከል ከ100 ሰው 7 ያህሉ እንዲህ ዓይነት ዝግተኛ ጉበት አላቸው።

በእኛ ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ተቃራኒው ነው። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 122 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው፣ 29 በመቶዎቹ የዚህ ዘረመል የተደራረበ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ቅጂው የተደራረበ ጉበት መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያጣራ የተለመደው መጠን ለልጁ ሊያንሰው ይችላል። በስቶክሆልም ወይም በዋሽንግተን ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህን ለሐኪሙ ቢያነሳ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ይሁንና ዘረመል ብቻውን ሁሉንም አይወስንም። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት በአገር ቤትና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲነጻጸሩ፣ ተመሳሳይ ዘረመል እያላቸው የአገር ቤቶቹ ኢንዛይም ዘገም ብሎ ተገኝቷል። አካባቢ፣ ምናልባትም አመጋገብ፣ እጁ አለበት ማለት ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶችም ይህን ኢንዛይም ስለሚያግዱ ፈጣኑን ጉበት ዝግተኛ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለኤዲኤችዲ በብዛት የሚታዘዘው የሜቲልፌኒዴት፣ በንግድ ስሙ የሪታሊን፣ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚሰባብረው ሲኢኤስ1 የተባለ ሌላ ኢንዛይም ነው። ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረመል ለሪታሊን ከሚሰጠው ምላሽ ጋር አያይዘው ከ20 ዓመት በላይ ቢያጠኑም ውጤቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ስለዚህ «ለልጅዎ ሪታሊን ይስማማዋል» ብሎ አስቀድሞ የሚናገር አስተማማኝ የዘረመል ምርመራ እስካሁን የለም። ለአቶሞክሰቲን ግን፣ የዘረመል ውጤቱ ሲታወቅ መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል የሚዘረዝር የሐኪሞች መመሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

ምርመራው በማይገኝበት ቦታም ቢሆን አንድ ዘዴ አለ፤ በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመርና ልጁን በቅርብ መከታተል። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ የበላውን፣ የተኛበትን ሰዓትና የክፍል ውሎውን በደብተር መዝግቡ፤ የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲልም ልጁን እልኸኛ ከማለታችሁ በፊት፣ መጠኑ ለእሱ ጉበት የሚመጥን መሆኑን ጠይቁ።