ዝናሩን ቅቤ አታጠጡት

የሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል በቀረበ ቁጥር አንድ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። «የአያቶቻችሁን ዝናር ቅቤ ቀቡት፣ ቀለሁን በሎሚና በአመድ እሹት፣ አዲስ ይመስላል» ይላል። ዘንድሮም ደረሰኝ። ያበራል፣ እውነት ነው። ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚመስል ያሳየ ግን አላየሁም፤ የማሳየው እኔ ነኝ።

ከአዲስ አበባው የካ ሚካኤል ወደ ተራራው በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት የአርበኛ አባታቸውን ዝናር ከሣጥን አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ቆዳው ጠቁሯል። በየኪሱ አፍ ላይ፣ ቀለሁ ቆዳውን በሚነካበት ቦታ ሁሉ፣ እንደ ሻማ ቅላጭ የለሰለሰ አረንጓዴ ነገር ፈልቷል። በጥፍሬ ስነካው ተላጠ።

«ሻገተብኝ ልጄ» አሉ።

«ሻጋታ አይደለም እማማ። ምን ይቀቡታል?»

«ቅቤ ነዋ! በየዓመቱ ለበዓሉ አስነካዋለሁ። ካልጠጣ ይሰነጠቃል።»

ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ አልተርክም፤ ጉዳዩ ያለው ቅቤው ላይ ነው። ስብ ማለት በአንድ ችካል የታሰሩ ሦስት ጥጆች ማለት ነው። ችካሉ ግሊሰሪን፣ ጥጆቹ የስብ አሲዶች ናቸው። እርጥበትና ጊዜ ገመዱን ይፈቱታል፤ ጸጉር ላይ የሰነበተ ቅቤ የሚሸተውም ለዚህ ነው። («አሲድ» የሚለው ቃል ያሳስበኛል፤ አንባቢ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን የሚያቃጥል ፈሳሽ እንዲያስብ ያደርጋል። ይህኛው ደካማ ነው፤ ግን ዓመታት አሉት።) የተፈታ ጥጃ ወደ ሣር ይሮጣል። ዝናር ውስጥ ሣሩ ቀለሁ ነው። ቀለህ የሚሠራው ከናስ ሲሆን በተለመደው ቅይጥ 70 በመቶው መዳብ፣ 30 በመቶው ዚንክ ነው። ብዙ ሰው ናስን ነሐስ ይለዋል፤ ነሐስ ግን መዳብና ቆርቆሮ ነው።

የስብ አሲድ መዳብ ሲያገኝ ሳሙና ይሆናል፤ ይህ ምሳሌ አይደለም፣ ቃል በቃል ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙናችን የስብ አሲድና ሶዲየም ነው፤ የዝናሩ ሳሙና ደግሞ የስብ አሲድና መዳብ ነው፤ አረንጓዴ የሆነውም በመዳቡ ነው። ይህ ሳሙና ከተበላው ናስ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠባቡ ኪስ ውስጥ ያብጣል፣ ስፌቱን ይወጥራል፣ ክሩን ይበጥሳል። መዳቡ ደግሞ የቀረው ስብ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዲበላሽ ያጣድፋል፤ ተጨማሪ አሲድ፣ ተጨማሪ ሳሙና። እንደ እርሾ ነው፤ አንዱ ቡኮ ለቀጣዩ ያስቀምጣል። በየዓመቱ የሚጨመረው ቅቤ አዲስ ዱቄት ነው።

ክረምቱም ያግዘዋል። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች በጣሊያን የተያዘችውን አዲስ አበባን ለማጥቃት ሲገቡ ዝናቡና የሞሉት ወንዞች ፈትነዋቸዋል። ያ ክረምት ዛሬም በየዓመቱ ይመጣል፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲሰነብት እውነተኛው ሻጋታም ብረት ላይ ያለው ዝገትም ይነቃል።

ሎሚና አመዱስ? ሎሚው የሚያበራው የናሱን ገጽ እየበላ ነው። ከቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጹት ፊደላትና ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ፋብሪካና ዓመት ይናገራሉ፤ በየበዓሉ ሲታሹ ይጠፋሉ። አመዱ ይፍቃል፤ ቆዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ይጎዳዋል።

እዚህ ላይ የቅርስ እንክብካቤ ሙያችን ራሱ እንዳልተስማማ መናገር አለብኝ። ሙዚየሞች ለረጅም ጊዜ ቆዳን በላኖሊንና በመሳሰሉት ቅባቶች ያሹ ነበር፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ስም የተሰጠው ቅባት እንኳ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ አይመክረውም። ይሁንና ያ ምክር መስተዋት ውስጥ ለተቀመጠ ዕቃ ነው። በዓመት አንድ ቀን ትከሻ ላይ የሚታጠቅ ዝናር ይተጣጠፋል፤ ፍጹም የደረቀ ቆዳ ደግሞ መታጠፍ አይችልም። አንዳንዶች ጥቂት ቅባት ይፈቅዳሉ፤ እኔ ቀለህ በሚነካው ቦታ አልፈቅድም፤ ትከሻው ላይ ባለው ማንገቻ ግን አልከራከርም።

የሠራነው ይህን ነው። መጀመሪያ ያልተተኮሰ ጥይት አለመኖሩን አየን፤ ካለ ሳይነኩ ለፖሊስ መንገር እንጂ ሌላ መላ የለውም። ጓንት አጥልቀን ቀለሆቹን አንድ በአንድ፣ ሳንጠመዝዝ፣ ቀጥ አድርገን ሳብን። አረንጓዴውን በስቴኪኒ ፋቅን፣ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠረግን። ውኃ አልነካውም። ቀለሆቹ በሌላ ጨርቅ ለብቻ ተጠቀለሉ፤ ዝናሩ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተጋደመ። ፌስታል እርጥበት ስለሚያፍን ከለከልኩ፤ ሚስማር ላይ መስቀልም ማንገቻውን ስለሚቆርጥ።

የአራተኛው ኪስ ቀለህ አልወጣም። ሳሙናው ከክሩ ጋር ተጣብቋል፣ ብስበው ኪሱ ይቀደዳል። «ተወው፣ እሱ ከአባቴ ጋር ይቆይ» አሉኝ። በኪሱ አፍ ዙሪያ የደረሰልኝን ብቻ ፋቅሁ፤ የውስጡ አረንጓዴ እንዳለ ነው።